አርባ ደረጃ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር መጥታችሁ «ፉርቃን የሚባል ታውቃላችሁ?» ብትሉ ሰው ግንባሩን ቋጥሮ ያስባል። «ዴልሂ» ካላችሁ ግን ሕፃኑም ሽማግሌውም ቤቱ ድረስ ያደርሳችኋል። ሕንድ አገር አራት ዓመት ተምሮ ስለመጣ ነው ስሙ የወጣለት። እሱም ስሙን ይወደው ነበር፤ «ዴልሂ!» ሲሉት አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር የሚዞረው።

ዲግሪውን ይዞ ተመልሷል፤ ይህ እውነት ነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ሥራ ገብቷል፤ ይህም እውነት ነው። ታጅ ማሐል ፊት ቆሞ የተነሣው ፎቶ ግን ወላሂ ውሸት ነው። ፎቶ ቤት ገብቶ፣ ሸራ ላይ የተሣለ ታጅ ማሐል ፊት ቆሞ ነው የተነሣው። አራት ዓመት ሙሉ ከማደሪያው ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ከትምህርት ቤቱ ወደ ምግብ ቤቱ ሲመላለስ ከረመ እንጂ የትም አልሄደም። መጀመሪያ ፈተናው በዛበት፣ ኋላ ስንፍናው ለመደበት። ሰው ሲጠይቀው «ሄጃለሁ» ማለቱ ከመሄዱ ይቀለው ነበር።

ያ ፎቶ የተሰቀለው እማማ ሰዒዳ ሳሎን ውስጥ ነው። እማማ ሰዒዳ የእናቱ ታላቅ እህት ናቸው። እናቱ ገና በጨቅላነቱ ስትሞት ወስደው ከገዛ ልጃቸው ከኢስራ ሳይለዩ፣ እኩል አጉርሰው እኩል ገርፈው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ፎቶው እየጠቆሙ «ይኸውላችሁ፣ የኔ ልጅ ያልረገጠው የለም» ይላሉ። ፉርቃን በዚያች ሰዓት ጫማውን ያያል።

እንግዲህ ፎቶው ቀላሉ ነው። ከባዱ ጨርቁ ነው።

ወደ ሕንድ የተነሣ ቀን እማማ ሰዒዳ ዙሪያውን በነጭ ክር በእጃቸው የጠለፉትን አረንጓዴ ጨርቅ አጥፈው ሰጡት። «ዴልሂ ሼህ ኒዛሙዲን የሚባሉ ወሊይ፣ የአላህ ወዳጅ፣ አሉ አሉ። ሊዘይራቸው የሄደ ሰው መቃብራቸውን ጨርቅ ያለብሳል አሉኝ። ይህን አልብስልኝ። ልጄ በሰላም ተምሮ በሰላም ይመለስልኝ ብዬ የተሳልኩት ስለት ነው። አማና ነው፣ ፉርቃኔ።» ወሎ ውስጥ አማና የሚለው ቃል እንዲሁ ከአፍ አይወጣም። በሰው እጅ የተላከ ስለት ሳይደርስ ከቀረ ዕዳው በተሳለው ላይ ሳይሆን በተሸከመው ላይ ነው የሚቀረው።

ተሸካሚው ምን አደረገ? ዛሬ ነገ አለ። አንድ ቀን እንኳ ጨርቁን በፌስታል ይዞ ወደ መቃብሩ የሚያስገባው ጠባብ መንገድ አፍ ድረስ ደርሶ ነበር። እዚያ የክፍሉ ልጆች አገኙት። «ምንድን ነው የያዝከው?» ቢሉት የአክስቱ ስለት አሳፈረው። ልብ በሉ፣ እሳቸው አሳፈሩት! «አንሶላ ነው» ብሏቸው አብሯቸው ሻይ ሊጠጣ ተመለሰ። ከዚያ የዴልሂ በጋ መጣ። ክፍሉ መጋረጃ አልነበረውም፤ የቀትሩ ፀሐይ ደግሞ አልጋው ላይ ነበር የሚያርፈው። ለአንድ ቀን ብሎ ጨርቁን መስኮቱ ላይ ሰቀለው። አንድ ቀኑ ሦስት ዓመት ሆነ።

በስልክ «አለበስክልኝ?» ብለው ሲጠይቁት «አልብሻለሁ፣ እማማ» አለ። እሳቸውም አልሐምዱሊላህ ብለው በግ አሳረዱ፣ ሰፈሩን ሰብስበው ሰደቃ አበሉ፣ ዱዓ አስደረጉ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የበላው የእሱን ውሸት ነው። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንዲሉ፣ ጨርቁም ሻንጣው ታች ተጠቅልሎ ደሴ ድረስ ተከትሎት መጣ። መጣል አልሆነለትም። መስጠትም አልሆነለትም። ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ሻንጣው ውስጥ ተቀመጠ።

በዚህ ዓመት መስከረም ላይ የእማማ ሰዒዳ ልብ ደከመ። ሐኪሙ የልባቸው ክዳን በደንብ እንደማይገጥም፣ ውጭ አገር ሄደው ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልጋቸው ነገራቸው። ሽቅብ እንዳይወጡም አስጠነቀቃቸው። ዘመድ ተረባረበ፣ ወረቀቱ ተላከ፣ መልስ መጣ። የት ቢሆን ጥሩ ነው? ዴልሂ! አንድ ቀን ምርመራ፣ ከዚያ ዘጠኝ ቀን ጥበቃ፣ ከዚያ ቀዶ ጥገና። አብራቸው የምትሄደው ኢስራ ነች።

እማማ ሰዒዳ ፉርቃንን አስጠሩት።

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ ተኝቼ ጣሪያ ልቆጥር ነው?» አሉት። «ተቀድጄ ልሙት ልዳን አላህ ነው የሚያውቀው። ሳልቀደድ በፊት አገሩን ልየው። አንተ እንደ መዳፍህ ታውቀዋለህ። ጠዋት ወጥተን ማታ የምንገባበትን፣ የየቀኑን፣ በወረቀት ጻፍልኝ።»

«እሺ፣ እማማ» አለ። ሌላ ምን ይበል?

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸ ነው። ከስልኩ እየቀዳ ሦስት ሌሊት ጻፈ። ለራሱ እስኪገርመው ድረስ ሥራው አማረለት። ቀይ ምሽግ ሰኞ ስለሚዘጋ ማክሰኞ አደረገው። ታጅ ማሐል ዓርብ ስለሚዘጋ ታጁ ወዳለበት ወደ አግራ የሚደረገውን ጉዞ ኀሙስ አደረገው፤ ጎህ ሲቀድ ተነሥተው በመኪና ሦስት አራት ሰዓት፣ ቀትር ላይ ጥላ ሥር እረፍት፣ ማታ መመለስ። ለረጅሙ ግንብ ለቁጥብ ሚናር ግማሽ ቀን ሰጠው፤ ከሥር ቆሞ ማየት እንጂ መውጣት የለም ብሎ አሰመረበት። ለኢስራ የውሃውን፣ የመድኃኒቱን፣ የውዱኡን ቦታ ሳይቀር ጻፈላት። የንጉሥ ሁማዩንን መቃብር ግን ጽፎ ሰረዘው። ከሼሁ መቃብር መንገድ ተሻግሮ ስለሆነ ነዋ!

ወረቀቱን አንብቦላቸው ሲጨርስ እማማ ሰዒዳ ጠየቁት።

«የሼሁስ ቀን የቱ ነው?»

«የ… ማን፣ እማማ?»

«የሼሁ ነዋ! ግንብ ላይ ግንብ ደርድረህ ዋናውን ረሳኸው እንዴ? እኔ መጀመሪያ የምሄደው እዚያ ነው። የጠለፍኩበትን ክር እንደሁ አውቀዋለሁ፤ ማዕዘኑ ላይ የጠለፍኳትን ጽጌረዳ ዓይኔ ታውሮ እንኳ በጣቴ እለያታለሁ። ጨርቄን ነክቼ ነው የምቀደደው።»

ጨርቃቸው ከተቀመጡበት አርባ እርምጃ በማይርቀው በፉርቃን ቤት፣ ቁም ሣጥን ላይ ነው ያለው። አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም፤ የእሱም አፍ አመለጠው።

«እማማ፣ እዚያ እንኳ ይቅርብዎት። ደረጃ አለው። ቀጥ ያለ፣ አርባ ደረጃ። ሐኪሙ ሽቅብ እንዳይወጡ ብሏል።»

አርባ የምትለዋን ቁጥር ከየት እንዳመጣት ራሱም አያውቅም። እማማ ሰዒዳ በልባቸው ቆጠሩ መሰለኝ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«አርባ» አሉ። «ይሁን። መጨረሻው ቀን ላይ ጻፈው። እስከዚያ እግሬን አስለምደዋለሁ።»

ቀልዳቸውን መስሎት ጻፈው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ጠዋት፣ ጎረቤታቸው ባለታክሲው ደምለው መኪናውን እያጠበ ጠራው። «አንተ ዴልሂ! አክስትህን ወታደር ልታስቀጥራቸው ነው እንዴ? በየጠዋቱ ያሠለጥኗታል እኮ ያቺን ልባቸውን!» ብሎ በእርጥብ ጨርቁ ወደ ላይ አመለከተው።

ከሰፈሩ በላይ ወደ መስጊዱ የሚያወጣ የድንጋይ ደረጃ አለ። ፉርቃን ሲደርስ እማማ ሰዒዳ መሐል ላይ ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። አንድ እጃቸው ደረታቸው ላይ፣ አንዱ ግድግዳው ላይ ነው። ኢስራ ውሃ ይዛ ከጎናቸው ቆማለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። በየቀኑ የደረሱበት እርከን ጫፍ ላይ በከሰል የተሠመረ መስመር አለ። ሰባት ላይ አንድ፣ አሥራ አንድ ላይ አንድ፣ አሥራ ስድስት ላይ አንድ።

«ዛሬ ሃያ ሦስት» አሉት እማማ ሰዒዳ፣ ቃሉን በትንፋሽ እየቆረጡ። ፈገግ አሉ። «ትናንት ሃያ ነበርኩ።»

«እማማ፣ ይተዉት። ስለ አላህ ይተዉት!»

«ዝም በል! ለሼሁ አርባ ደረጃ ያንሳል እንጂ አይበዛም። አንተስ ለኔ ስትል ወጥተኸው የለም?»

ይህን ጊዜ ምድር ብትከፈት ይገባ ነበር። ኢስራ ክንዱን ይዛ ወደ ጎን ሳበችው።

«ፉርቃን፣ እናቴ ልትሞትብኝ ነው። ብነግራት አልሰማ አለችኝ። እስቲ በደንብ አስታውስ፤ እውነት አርባ ነው? ደግሞስ መደገፊያ የለውም?»

እውነቱን መናገር የነበረበት እዚያች ላይ ነበር። አፉ ድረስ መጥቶለት ነበር። ወደ ደረጃው ዞር ሲል እማማ ሰዒዳ ዓይናቸውን ጥለውበታል፤ ያን ፎቶ በሚያዩበት ዓይን፣ ኩራት በሞላበት። ፈሪ ነው፣ ፈራ።

«አለው» አለ። «በቀኝ በኩል መደገፊያ አለው።»

«ሰማሽ?» አሉ እማማ ሰዒዳ ከተቀመጡበት። «በቀኝ ነው። እኔ ደግሞ በግራዬ ስለማመድ!» ብለው ወደ ሌላው ግድግዳ ተሻገሩ።

ከዚያን ቀን ወዲያ «ዴልሂ» ሲሉት መዞር ተወ። ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ደረጃውን ላለማየት በታችኛው መንገድ ይዞራል። ሲመለስ ግን ሰው እንዳያየው አንገቱን ቀብሮ ይወጣና የከሰሉን መስመር ይፈልጋል። ሃያ ስድስት። ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ ሁለት። በሁለት እጁ ተቀብሎ ያላደረሰውን ስለት እሳቸው በልባቸው እየከፈሉለት ነው። እንደዚህ ራሱን ተጸይፎ አያውቅም።

ሊሄዱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው፣ ደረቅ ወደቡ ውስጥ በምሳ ሰዓት ኮንቴይነር ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ የዚያኑ መቃብር ቪዲዮ በስልኩ አየ። ለምን እስከዚያን ቀን እንዳላየው እንጃ፤ ፈርቶ ይሆናል። ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ጨርቅ ያለብሳል፤ ቀዩ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው ይከመራል። ከዚያ የመቃብሩ አገልጋዮች መጥተው በእቅፍ በእቅፍ ያነሡታል። የዛሬው ለነገ አያድርም። እንኳን የአራት ዓመቱ!

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ጮክ ብሎ። ከእንግዲህ ማን ያውቅበታል? እማማ ሰዒዳ ሄደው ጽጌረዳቸውን ቢያጧት «ቀይረውት ነው» ይባላል። ነጻ ወጣ ማለት ነው። ግን ያቺ አልሐምዱሊላህ ገና ከአፉ ሳትወጣ መረረችው። አላህን የሚያመሰግነው በምን ላይ ነው? ውሸቱን ስለሸፈነለት? ምሳውን ሳይጨርስ የምሳ ዕቃውን ክዳን ገጥሞ ተነሣ።

የመሄጃቸው ቀን ጨርቁን ከሻንጣው አወጣው። ሊናዘዝ አይምሰላችሁ። ኢስራን ወደ ጎን ጠርቶ «የራሴ ስለት ነው፣ እማማ ሳያዩ አልብሽልኝ» ሊላት ነበር ሐሳቡ። በፌስታል ጠቅልሎ ጃኬቱ ውስጥ ሸጎጠው።

ደምለው በታክሲው ሁሉንም ጫነና የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ጀመረው። የደሴ ብርድ ከኋላቸው ቀረ። እማማ ሰዒዳ ወረቀቱን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ጠመዝማዛውን ሁሉ ልብ አላሉትም፤ ማንበብ ባይችሉም በቃላቸው ይዘውታል።

«ማክሰኞ ቀይ ምሽግ። ኀሙስ አግራ። ዓርብ ጁሙዓችንን ሰግደን እናርፋለን። እሑድ ቁጥብ። አይደለም እንዴ፣ ፉርቃኔ?»

«ልክ ነው፣ እማማ።»

«መጨረሻው የሼሁ። ትናንት ስንት እንደደረስኩ ነግሬሃለሁ? ሠላሳ ስምንት! ሁለቷን አላህ ያግዘኛል።»

«ማሻአላህ!» አለ ደምለው። «እኔ ራሴ ሠላሳ ስምንት አልወጣም እኮ፣ እማማ። ይኸ ዴልሂ ተሸክሞ ቢያወጣዎት ምን ነበረበት?»

እሳቸው ሳቁ። ፉርቃን በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ።

አውሮፕላን ማረፊያው ግቢ ወርደው ሻንጣ ሲያወርዱ እማማ ሰዒዳ የእጅ ቦርሳቸውን ከፍተው ጠሩት። አዲስ አረንጓዴ ጨርቅ ነው። ዙሪያው ነጭ ጥልፍ፣ ማዕዘኑ ላይ ጽጌረዳ።

«ለማንም አልተናገርኩም፤ ስለት ቀድሞ አይወራም» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ላንተ ነው። የፊቱ በሰላም መለሰህ። ይኸኛው ደግሞ ትዳር ያምጣልህ ብዬ ነው። ስለራሴማ ምን እጠይቃለሁ፣ እኔ ጠግቤያለሁ። ላንተ ብዬ ነው ደረጃውን የተለማመድኩት።»

ጃኬቱን ከፍቶ ፌስታሉን አወጣ፣ ጨርቁን አወጣ፣ ሁለት እጁ ላይ ዘርግቶ ቆመ። ኢስራም ደምለውም ሻንጣውን እንደያዙ ቀጥ አሉ።

እማማ ሰዒዳ መጀመሪያ አላወቁትም። ግማሹ አረንጓዴ ነው፤ ግማሹ ፀሐይ በልቶት የደረቀ ሣር መስሏል። በኋላ ጣታቸውን ወደ ማዕዘኑ ሰደዱ። ጽጌረዳዋን አገኟት። እንዳሉትም በጣታቸው ለዩዋት።

«ይኸ የኔ ነው» አሉ። «ማን ሰጠህ?»

«ማንም አልሰጠኝም፣ እማማ። አላደረስኩትም። መስኮቴ ላይ ሰቅዬው ነበር። መጋረጃ አድርጌው ነበር። ሦስት ዓመት። ታጅ ማሐልንም አላየሁም፤ ፎቶው ሸራ ነው። የትም አልሄድኩም። አፉ በሉኝ። ይቅር በሉኝ፣ እማማ።»

ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል በእጃቸው አቆሙት። አልጮኹም። ቢጮኹ በወደደ። ጨርቁን ተቀብለው አራት አጠፉት፣ ከአዲሱ ጋር ደርበው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ሰደቃ የበላውን ሰፈር እያሰቡ ይሁን፣ በጉን እያሰቡ ይሁን፣ ፊታቸው አይናገርም።

«ጨርቁን አፉ ብዬሃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ጨርቅ ነው፤ ልጅ ነበርክ፤ ፀሐይ ነበር። አሁን እኔው አደርሰዋለሁ።» ቦርሳውን ዘጉ። «ደረጃው እንዴት ነው ታዲያ? እስከ መግቢያው ድረስ ነው ወይስ ከገቡም በኋላ አለ?»

ፉርቃን መሬት መሬት አየ። ያን መንገድ አፉ ድረስ ሄዶ ያውቀዋል።

«ደረጃ የለውም፣ እማማ።»

«ምን?»

«ሜዳ ነው። ጠባብ መንገድ ነው እንጂ ሜዳ ነው። ከሆስፒታሉ በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይሞላም። እንዳይሄዱ ብዬ ነው።»

«አርባው?»

«ዝም ብዬ ነው።»

ኢስራ «ያ ረቢ!» ብላ አፏን በሻሿ ያዘች። ደምለው ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ። እማማ ሰዒዳ ግን ፉርቃንን ነበር የሚያዩት። ያ ዓይን፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከፎቶው ወደ እሱ የሚሄደው ዓይን፣ እያየው ጠፋ። እጃቸው ሳያስቡት ወደ ደረታቸው ሄዶ እዚያው ቀረ።

«ልቤ ታማ እያየህ» አሉ ቀስ ብለው። «ከሰል ይዤ ስወጣ እያየህ። በቀኝ መደገፊያ አለው አልከኝ እኮ!»



የጉዞውን ወረቀት ከእጃቸው ለኢስራ ሰጧት። «ይኸን ጣይው። የቱ እውነት የቱ ውሸት እንደሆነ በምን እናውቃለን?» አሏት። ሦስት ሌሊት ሙሉ የሠራት፣ በሕይወቱ አሟልቶ የጻፋት እውነተኛ ወረቀት ነበረች። ሁሉ ነገሯ ልክ ነበር። ኢስራ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተቻት።

«የደረጃውን ደግሞ ከተመለስኩ እንነጋገራለን» አሉት። ከተመለስኩ አሉ፤ ስመለስ አላሉም። አልሳሙትም።

በኢስራ ክንድ ተደግፈው ወደ መንገደኞቹ በር ሄዱ። በሩ ፊት ሦስት እርከን አለች፣ ሰው ልብ የማይላት። እማማ ሰዒዳ እሷ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ እግራቸው እንደለመደው፣ በቀኝ እጃቸው መደገፊያውን ፈልገው ያዙ። ድምፃቸው ፉርቃን እስከቆመበት ድረስ ተሰማ።

«አንድ» አሉ። «ሁለት። ሦስት።»